ዴቢያን እስከ ስግድ

እማማ ይርገዱ ሰርቨሩን ነጠላ ያለበሱት በርዶት ይሆናል ብለው ነው።

በእስራኤሏ ሬሆቮት ከተማ፣ አብዛኛው ነዋሪ ከጎንደር በመጣበት ሰፈር፣ የአረጋውያን ክበብ አለ፤ ሰፈርተኛው በዕብራይስጡ ሞዓዶን ይለዋል። በክበቡ ጥግ፣ ከአንዲት ጠረጴዛ ሥር፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። የሰፈሩ ማኅበር የአዛውንቱን ድምፅ ያኖረበትን ድረ ገጽ የሚያስተናግደው ይኸው ማሽን ነው። የቄሶች ጸሎት፣ የሠርግ ዘፈን፣ በሱዳን በኩል የመጡ ሰዎች የመንገድ ወግ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ባሎችና እናቶች ጨዋታ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። የእማማ ይርገዱ ባል፣ የአባ ቢሆነኝ ድምፅም እዚያው ነው ያለው።

እማማ ይርገዱ በየጠዋቱ ይመጡና ከማሽኑ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። የክበቡ ኃላፊ ጊል ድምፁን ይከፍትላቸዋል። አባ ቢሆነኝ ስለ ወገራ፣ ስለ ልጅነታቸው ወንዝ፣ አንድ ጊዜ ጅብ ስላባረራት በቅሏቸው ያወራሉ። ወሬው ሲጥም በመሃል ያቋርጡትና፣ «ይርገዱ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ይላሉ። ድምፃቸው ሲቀዳ ቤታቸው ተቀምጠው ነበርና የሚያወሩት ለመቅጃው መሆኑን ረስተውታል። እማማ ይርገዱ እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ፣ «መጣሁ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ በድምፁ ውስጥ የብርጭቆ ኳኳታ ይሰማል፤ ያመጡትም እሳቸው፣ የዚያን ጊዜዋ ይርገዱ ናቸው።

ታዲያ ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት በኋላ ባለው ሰሞን፣ ሙቀቱ አልወጣ ብሎ የክበቡ ማዝጋን ቀዝቃዛ አየሩን ያለ ማቋረጥ ሲነፋ፣ እማማ ይርገዱ ማሽኑን ቢዳስሱት ፊቱ ቀዝቅዟል። አላስቻላቸውም። ነጠላቸውን አውልቀው፣ ደርበው፣ ዳር ዳሩን ጠቅጥቀው አለበሱትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማሽኑም በየቀዳዳው የሚተነፍሰው አየር ሲያጣ ጋለ፤ ጋለና ጠፋ።

ጊል የጠራው ማሽኑን የሚንከባከቡትን ሁለት በጎ ፈቃደኞች ነበር። አንዱ አቪያድ ነው። ኦሺዮት በሚባለው ሰፈር ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ወደ ጫማው የሚሰድ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ሊራዝ ናት፤ ቤተሰቦቿ ቂርያት ዔቅሮን ይኖራሉ። አብረው አንድ ክፍል ተምረዋል፤ አሁንም ነስ ጺዮና ውስጥ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ሰርቨር በሚያከራይ አንድ ድርጅት አብረው ይሠራሉ። እሷ ደንበኞችን በስልክ ታነጋግራለች። እሱ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ይህንንም የመረጠው ራሱ ነው።

ሊራዝ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«ማነው ይኼን ያለበሰው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ እማማ ይርገዱ። «ራቁቱን ብርድ ላይ ጥላችሁት ሄዳችሁ፣ ደግሞ ማን አለበሰው ትላላችሁ?»

«እማማ፣ እሱኮ አይበርደውም። የገደለው ሙቀት ነው።»

«ገደለው?» የእማማ ይርገዱ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ።

አቪያድ ፈጠን ብሎ ነጠላውን በጥንቃቄ አነሣ፤ አጣጠፈና በሁለት እጁ ሰጣቸው። «አልሞተም እማማ። ደከመው እንጂ። ትንሽ ይረፍና ይነሣል» አላቸው።

እንዳለውም ተነሣ። አቧራውን ጠርገው፣ ጥቂት ጠብቀው ሲያበሩት ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ። ማያው ላይ ነጫጭ ፊደሎች መውረድ ሲጀምሩ ግን ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ዓይናቸው ቀረ። የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሁሉን የሚያስኬደው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ሴንትኦኤስ ነበር፤ ያውም የድሮው። ድርጅታቸው ውስጥ ይህን ስም ማንም በደግ አያነሣውም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ፣ በዘመኑ ግማሽ ዓለም ድረ ገጹን ያሳረፈበት ነበር። ዛሬ ግን ቀርቷል። ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም፤ ሌባ ቢገባበት አገባቡን የሚያጠና የለም።

«ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ጥበቃ የሌለው?» አለች ሊራዝ።

«ቆየ» አለ አቪያድ። «እኛው ነን የረሳነው። ሲሠራ ማን ይነካዋል።»

«መቀየር አለበት።»

«አለበት።»

ከዚያች ቀን በኋላ ከሥራ ሲወጡ በአንድ አውቶቡስ እየመጡ ክበቡ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። ምን እንደሚያዋጣ እየፈተሹ ነው። ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ሲስተም አዩት፤ ለዚያ አሮጌ ማሽን ከበደው። ፍሪቢኤስዲን ሊራዝ ወደደችው፤ ነገር ግን ሁለቱም በደንብ አያውቁትም፤ በማያውቁት ነገር ደግሞ የሰው አባት ድምፅ አይሞከርበትም ብለው ተዉት። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፦ ዴቢያንና አልማ።

አልማ የሴንትኦኤስ ዘመድ ነው። ትእዛዙ አንድ፣ የፋይሉ አቀማመጥ አንድ፣ ድምፁን የሚያጫውተው ፕሮግራም እንዳለ ይቀበለዋል። ማሽኑን ሳያፈርሱ፣ ሰዎቹ እንዳሉ ሆነው ቤቱን እንደ ማደስ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀየራል። ዴቢያን ግን ሌላ ቤት ነው። ዲስኩ መጀመሪያ መጽዳት አለበት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያኖር ቦታ በዚያ ማሽን ላይ የለም። ከዚያ ድረ ገጹ ከመሠረቱ ይሠራል፤ የድምፅ ማጫወቻው እንደ አዲስ ይጻፋል። ከሥራ በኋላ ባሉት ሰዓቶች ብቻ ለሚሠራ ሰው ሳምንታት ይወስዳል። በነዚያ ሳምንታት ድረ ገጹ ዝም ይላል።

የእነሱ አሠራር እንዲህ ነበር፦ አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው «አስገባ» የሚለው ቁልፍ ከመነካቱ በፊት የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። ስሕተት የሚያዘው በጆሮ ነው ትላለች ሊራዝ። ስለዚህ አቪያድ ይጽፋል፤ እሷ ትከሻው አጠገብ ሆና ታነባለች። ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ነጥቡን «ነጥብ»፣ ሰረዙን «ሰረዝ» እያለች ስታነብ፣ አቪያድ አንዳንዴ አንድ ፊደል ሆን ብሎ ይገድፋል። እሷም ወዲያው ትይዘዋለች።

«አንድ ፊደል በላህ።»

«ይቅርታ።»

«ምሳ አልበላህም እንዴ ዛሬ?»

እሱ ይስቃል፤ ያስተካክላል፤ እሷም እንደገና ታነብለታለች። እንደገና እንድታነብ ነበር የፈለገው።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዘው ደጅ ደረጃው ላይ እንደ ተቀመጡ ሊራዝ ነገረችው።

«ያመለከትኩበት የሐይፋው ሥራ ተሳካልኝ።»

አቪያድ ሻዩ ላይ እፍ አለ፤ ሻዩ ከበረደ ቆይቷል። «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለ።

«ሰርቨሩን ሳላስተካክል አልመጣም አልኳቸው። ሥራው ረጅም ከሆነ ከስግድ በዓል በኋላ ጀምሪ ብለውኛል። አጭር ከሆነ በሚቀጥለው እሑድ፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር።»

«እና... የትኛው ነው የሚሻልሽ?»

«እሱን ማኅበሩ ነው የሚወስነው» አለችና ኩባያዋን ጨመቀችው። «ለእኔ ዴቢያን ጥሩ ይመስለኛል። አንተስ?»

«እኔ... ላስብበት» አለ።

አሰበበትም። አውቶቡስ ላይ አሰበ፤ እናቱ ራት ስታቀርብለት አሰበ። ያሰበው ግን ስለ ማሽኑ አልነበረም። ዴቢያን ማለት እስከ ስግድ ድረስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ዴቢያን ማለት ትከሻው አጠገብ የሚነበብ ትእዛዝ፣ የወረቀት ኩባያ፣ ደረጃው ላይ የምትወርድ ፀሐይ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ፣ ከአንዱ ቀን በአንዱ ሰዓት፣ ለዓመታት አፉ ላይ የቆመውን ነገር ይናገር ይሆናል። አልማ ማለት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ እሑድ፤ ከዚያ ሐይፋ። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የሚለውን አዘጋጀ። ረጅም ንግግር ከእሱ አይጠበቅም፤ «ከሊራዝ ጋር እስማማለሁ» ቢል ይበቃል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መስታወት ፊት ተለማመደው።

የማኅበሩ ኮሚቴ የተሰበሰበው ክበቡ ውስጥ ነው። ሊቀ መንበሩ አባ ሽበሺ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ከጎናቸው ምላሰኛዋ ወይዘሮ አፀደ አሉ። እማማ ይርገዱ የኮሚቴ አባል አይደሉም፤ ቢሆንም ከማሽኑ አጠገብ ካለው ወንበራቸው የሚያስነሣቸው ሰው አልተገኘም።

«መጀመሪያ ዘሩን ንገሩን» አሉ አባ ሽበሺ።

«የማንን ዘር አባ?» አለች ሊራዝ።

«የሚመጣውን ነዋ። ሰው ቤታችን በጋብቻ ሲገባ አባቱ ማነው፣ አያቱ ማነው ብለን ሰባት ቤት እንቆጥር የለም? ይኼም ቤታችን ሊገባ ነው። ሰባት ባይሞላ እስከ አያቱ እንወቅ።»

ሊራዝ ፈገግ አለች። «ቤሰደር፣ እሺ አባ። ዴቢያን አባት የለውም።»

«ወይ ጉድ! ዲቃላ ነው?» አሉ ወይዘሮ አፀደ። ክበቡ በሳቅ ሞላ።

«አይደለም ወይዘሮ አፀደ! የአንድ ሰው ንብረት አይደለም ማለቴ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያለ ደመወዝ ተሰብስበው የሚሠሩት ነው። መሪያቸውን በድምፅ ይመርጣሉ። አንድ ባለሀብት ሰለቸኝ ብሎ ሊጥለው አይችልም፤ ጌታ የለውማ። ልጆች ግን አሉት። ኡቡንቱ የሚባለው ታዋቂው እንኳ የሱ ልጅ ነው።»

«ይኼስ እንደ እኛ ማኅበር ነው» አሉ አባ ሽበሺ፤ ደስ አላቸው። «ሌላኛውስ?»

«አልማ የአሁኑ ማሽን የቅርብ ዘመድ ነው። ሴንትኦኤስን ወላጁ ሲተወው፣ ቤተሰቡ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብሎ የተወለደ ነው።»

«አልማ በዕብራይስጥ ልጃገረድ ማለት አይደል?» አሉ ወይዘሮ አፀደ። «እንዲህ ያለ ስም ይዛ መጥታ እንዴት ትመለሳለች?»

«አንቺ ደግሞ፣ ለወንድ ልጅሽ የምታጪ አስመሰልሽው» አሉ አባ ሽበሺ።

ሊራዝ ቀጠለች። ስለ ዴቢያን ስትናገር ድምፅዋ ሞቅ ይላል፤ እጇ ይንቀሳቀሳል። ዕድሜው ረጅም መሆኑን፣ የሚታመን መሆኑን፣ ዛሬ ቢደከምበት ለዘለቄታው እንደሚበጅ አስረዳች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። አቪያድ እየሰማት፣ ምን ያህል አምርራ እንደ ያዘችው ገረመው፤ በሥራ ላይ ለአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲህ ስትሟገት አይቷት አያውቅም።

«እሱ ዝም ይላል ወይ?»

የጠየቁት እማማ ይርገዱ ናቸው። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ማን እማማ?» አለች ሊራዝ፤ ታውቃለች ግን ማንን እንደሆነ።

«ቢሆነኝ ነዋ። ይኼን ስትሠሩ ዝም ይላል ወይ?»

«ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ድምፁ አይጠፋም እማማ፤ በደህና ቦታ ይቀመጣል።»

«ተዝካሩ እኮ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዘመድ ከነታንያ ይመጣል፤ ከአፉላ ይመጣል። እህቶቹ ጎንደር ሆነው በኢንተርኔቱ ሊሰሙት ተዘጋጅተዋል።»

ሊራዝ ስልኳን አወጣች። «ድምፁን ስልክ ላይ አድርገንልዎት...»

አባ ሽበሺ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። «እሱስ አይሆንም ልጄ። ደንባችን ነው። አንድ ጎረምሳ የሟች አባቱ ወዳጅ ሲያለቅሱ የተቀዳውን ድምፅ ለጓደኞቹ መሳቂያ አድርጎ በስልክ የበተነው ጊዜ ተማምለናል። የሰው ድምፅ ከዚህች ማሽን ወጥቶ ኪስ ለኪስ አይዞርም።»

«እኔም እንደ ቁልፍ ኪሴ ከትቼው አልዞርም» አሉ እማማ ይርገዱ። አልተቆጡም። «ከጠፋም ይጥፋ፤ ለመልካም ነው ካላችሁ። ዝም እንደሚል እንድታውቁት ብዬ ነው።» ይህን ብለው፣ እጃቸውን ሳያስቡት ማሽኑ ራስ ላይ ጣል አደረጉ። ልብሱን ካወለቁበት ወዲህ እንዲህ በእጃቸው ነው የሚያለብሱት።

አባ ሽበሺ ወደ አቪያድ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ምንም አልተናገርክም። ምን ትላለህ?»

ያዘጋጀው ቃል አፉ ላይ ነበር። ቀና ሲል ሊራዝ እያየችው ነው፤ አስተያየቷ ከወትሮው ይለያል፤ የሆነ ነገር እንዲሰጣት የምትጠብቅ ትመስላለች። ደግፈኝ ማለቷ ነው ብሎ አሰበ። ከእሷ ባሻገር ያች የተሸበሸበች እጅ ማሽኑ ላይ አርፋለች።

«አልማ» አለ።

ድምፁ ለራሱም ያልተሰማው መሰለውና ደገመው። «አልማ ነው የሚሻለው አባ። ለዚህ ማሽን፣ ለዛሬው ነገር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ምንም አይፈርስም። ዴቢያን ጥሩ ነው፣ ሊራዝ እውነቷን ነው፤ አዲስ ማሽን ስንገዛ በዴቢያን እንጀምር። ለዚህኛው ግን... ማንም ዝም ማለት የለበትም።»

ይህን ያህል ሲናገር ማኅበሩ ሰምቶት አያውቅም።

«ተቆረጠ» አሉ አባ ሽበሺ። ወይዘሮ አፀደም፣ «ልጃገረዲቱ ገባች!» ብለው አጨበጨቡ። ሊራዝ ግን፣ «ቤሰደር» አለች፤ ቦርሳዋን ዘጋች።

ሥራውን የጨረሱት ሐሙስ ነው። አስቀድመው ያለውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጡና የክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እሱ ጻፈ፤ እሷ አነበበች። የዚያን ቀን አንድም ፊደል አልገደፈም። ሆን ብሎ ሊገድፍ ፈልጎ እጁ እምቢ አለው፤ መጫወት አይገባኝም የሚል ስሜት ነበረው። በመጨረሻ ማሽኑ ጠየቀ፦ ልቀጥል ወይስ ልተው?

«አዎ ልበለው?» አለ አቪያድ።

ሊራዝ ጥያቄውን ደግማ አነበበችው። «አዎ በለው» አለች።

ማሽኑ ጠፍቶ በራ። ማያው ጨለመ፤ ጨለማው የቆየ መሰላቸው። እማማ ይርገዱ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን ነጠላ ጫፍ ይዘው ይጠብቃሉ። ፊደሎቹ ወረዱ፤ አዲሱ ስም ታየ። ጊል ወደ ድረ ገጹ ገብቶ ድምፁን ከፈተ። ወገራ፣ ወንዙ፣ በቅሎዋና ጅቡ ተራ በተራ አለፉ።

«ይርገዱ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ።»

«መጣሁ!» አሉ እማማ ይርገዱ፤ ይኼኔ ግን እንባቸው ቀደማቸው።

ሁለቱ አብረው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወጡ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥቂት ጣል ጣል ብሎ ሄዷል፤ አስፋልቱ ይሸታል። ሊራዝ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች።

«ስብሰባው ላይ ያልከው ልክ ነበር» አለች። «እኔም አውቀው ነበር።»

«ታውቂው ነበር?»

«እንዴት አላውቀውም? ሥራዬ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዴቢያን አልሽ?»

ሊራዝ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ወይ አቪያድ» አለች። «ማሽን ሲታመም ከማራገቢያው ድምፅ ታውቃለህ። ማሽን ብቻ።»

አውቶቡሱ ደረሰ። «ያላ፣ ባይ» ብላ ተሳፈረች፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እጇን አነሣች። እሱም አነሣ። አውቶቡሱ ማዕዘኑን ዞሮ ከተሰወረ በኋላ፣ የተባለው ነገር ቀስ ብሎ ገባው። ሲገባው ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወደ ኦሺዮት የሚወስደው አውቶቡስ መጣ፤ በሩን ከፍቶ ጠበቀው፤ ዘግቶ ሄደ።

እሑድ ሊራዝ ሐይፋ ሥራ ጀመረች። አቪያድ ስልኩን ያነሣል፤ «ሰላም፣ ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ይጽፋል፤ ይደመስሳል። የጻፈው ነገር ስሕተት የለበትም፤ ግን ለመናገር የፈለገው እሱን አይደለም። ለመናገር የፈለገውን ሲጽፍ ደግሞ ጣቱ መላኪያው ላይ ይደርቃል። ነስ ጺዮና ያለው ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ስልክ ላይ ይጮኻል።

ክበቡ ግን መሄዱን አልተወም። አዲሱ ሲስተም እንዴት እንደሚተነፍስ ማየት አለበት፤ ቢያንስ ለራሱ የሚለው እንዲህ ነው። ቁጭ ብሎም አልቀረ፦ ለማሽኑ ከሽቦና ከእንጨት አንዲት ትንሽ ድንኳን የምትመስል ነገር ሠራለት። አየሩ በጎንና በኋላ ይወጣል፤ እማማ ይርገዱም ነጠላቸውን ከላይ እንደ መጋረጃ ጣል ማድረግ ይችላሉ።

«አሁን ይተነፍሳል?» አሉት።

«ይተነፍሳል እማማ።»

«እንዲህ ይባላል እንጂ ሥራ» ብለው አለበሱት፤ ዳር ዳሩን ግን አልጠቀጠቁትም።

ወደ ማሽኑ ሲገቡ አቪያድና ሊራዝ አንድ የጋራ ስም ነበር የሚጠቀሙት፤ «ጠባቂ» የሚል። ሰው በዚያ ስም ሲገባ ማሽኑ መጀመሪያ የሚያሳየው ነገር፣ ከዚህ በፊት የገባው ሰው መቼና ከየት እንደገባ ነው። ሊራዝ በሄደች በማግሥቱ አቪያድ ሲከፍተው አንድ መስመር አየ። አንድ ሰው ገብቷል፤ የገባውም ከክበቡ አይደለም፣ ከኦሺዮትም አይደለም። አድራሻውን ፈተሸ። ከሐይፋ ነው።

የሆነ ነገር ተበላሽቶ እሷ እያስተካከለች ይሆናል ብሎ መዝገቡን ሁሉ ፈተሸ። ምንም አልተነካም። አንድም ትእዛዝ አልተሰጠም። ገብታለች፤ ጥቂት ቆይታለች፤ ወጥታለች። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ከጠዋት ሥራዋ በፊት ትገባለች፤ ምንም አታደርግም፤ ትወጣለች። እሷም ስትገባ የምታየው የእሱን መስመር መሆኑ የታሰበው ዘግይቶ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ በር ተራ በተራ እየገቡ አንዱ የሌላውን ዱካ ብቻ ያገኛል።

የአባ ቢሆነኝ ተዝካር ደረሰ። ክበቡ በሰው ሞላ፤ ከነታንያም መጡ፣ ከአፉላም መጡ። ቄሱ ጸለዩ፤ ምግብ ቀረበ፤ ጎንደር ያሉት እህቶች እንደ ታሰበው ከዚያው ሆነው ሰሙ። ድረ ገጹ አልተንገዳገደም። ሰው ሲበተን አቪያድ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፤ እማማ ይርገዱ አጠገቡ ናቸው። ጊል ወንበር ይሰበስባል።

«ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አሉ እማማ ይርገዱ።

«ሐይፋ ነች እማማ።»

«ሩቅ ነው?»

«በባቡር... ሩቅ አይደለም።»

«ትመጣለች?»

«አላውቅም።»

«ጠራሃት?»

አቪያድ ዓይኑን ወደ ጫማው ሰደደ። እማማ ይርገዱ የነጠላውን እጥፋት በጣታቸው አስተካከሉ። «እኔ የሚጠራኝ አለ፤ ብመጣ አያየኝም። ያንተ እኮ ታይሃለች» አሉና ጊልን ድምፁን እንዲከፍትላቸው በእጃቸው ጠቀሱት።

አቪያድ ወደ ማሽኑ ገባ። የሐይፋው መስመር እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ዛሬም ጠዋት ገብታ ነበር። ከዚያ መስመር በታች፣ በዚያ በር የሚገባ ሰው ሁሉ የሚያነበው የሰላምታ ጽሑፍ አለ። እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም፤ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። አቪያድ ፋይሉን ከፈተ። ሰላምታውን አልደመሰሰም። ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈ።

«ሊራዝ፣ ዴቢያንን እኔም ፈልጌው ነበር። አቪያድ።»

የሚያነብለት ስላልነበረ ከማስቀመጡ በፊት ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው። የተገደፈ ፊደል አልነበረም። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረቀ። ከኋላው ወገራ፣ ወንዙና በቅሎዋ አልፈው ድምፁ እዚያ ቦታ ደረሰ።

«ይርገዱ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ።»

«መጣሁ» አሉ እማማ ይርገዱ።

አቪያድ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ ከሲስተሙ ወጣ፤ ማያውን ግን አላጠፋውም። ጊል መብራቱን ተራ በተራ እያጠፋ፣ «ያላ አቪያድ፣ ልዘጋ ነው» እስኪለው ድረስ፣ ነጠላ ከለበሰው ማሽን አጠገብ፣ ማያው ላይ ማንም ገና ያልገባበትን በር እያየ ተቀመጠ።